«ለተሻለ ሕክምና»

በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመሰባሰቢያ ቀን የቀረበ ንግግር



የማኅበሩ ኮሚቴ ደውሎ «ስለ ኤአይ ትንሽ ንገሪን» ሲለኝ «ተሳስታችኋል መሰለኝ፣ እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ» ብዬ ነበር። አሁንም ነኝ። ኮድ መጻፍ አልችልም። ነገር ግን ባለፈው አንድ ዓመት ከመደበኛ ሥራዬ ጎን ለጎን ከአራት ወጣት የሶፍትዌር ባለሙያዎች ጋር ስሠራ ቆይቻለሁ። ልጆቹ በሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙን የሚያግዝ የኤአይ ኤጀንት እየሠሩ ነው። ገና በሙከራ ላይ ነው፤ የምንሞክረውም እኛው በፈጠርናቸው ታማሚዎች ላይ እንጂ በእውነተኛ ሰው ላይ አይደለም። የእኔ ድርሻ ለኤጀንቱ የተሰጡትን መሣሪያዎች በተራ ዓረፍተ ነገር መግለጽ ነው፤ ይህ መሣሪያ ምን ይሠራል፣ መቼ ትጠቀምበታለህ፣ መቼ አትጠቀምበትም ብሎ መጻፍ። ቀላል ይመስላል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ሥራ ነው፤ የምጀምረው ግን ከኮምፒውተር ሳይሆን ከአንድ ወረቀት ነው።

ተመርቄ በጠቅላላ ሐኪምነት በተመደብኩበት ሆስፒታል፣ አንድ ቀን ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ወጣት ከሩቅ ጤና ጣቢያ ተልካ መጣች። ፊቷና እግሯ አብጧል፣ የደም ግፊቷ በጣም ከፍ ብሏል፣ ራሷን በደንብ አታውቅም። መንገድ ከመጀመራቸው በፊት አንቀጥቅጧት እንደነበር አብረዋት የመጡት ነገሩን። የሪፈር ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩ። የምርመራው ቦታ ላይ «ኤክላምፕሲያ» ይላል። የተሰጠ ሕክምና በሚለው ቦታ «አስፈላጊው ተሰጥቷል» ይላል። የተላከችበት ምክንያት በሚለው ደግሞ ሁላችንም የምናውቃት ሐረግ አለች፦ «ለተሻለ ሕክምና»።

ሐኪም የሆናችሁት ችግሩ ወዲያው ይገባችኋል፤ ላልሆናችሁት ላስረዳ። ለኤክላምፕሲያ ማግኒዥየም ሰልፌት እንሰጣለን። የመጀመሪያው መጠን ትልቅ ነው፤ 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ተብሎ፣ ከዚያ 10 ግራም በጡንቻ፣ ማለትም በእያንዳንዱ መቀመጫ 5 ግራም። ይህን ሳታገኝ ከቀረች እንደገና ሊያንቀጠቅጣት፣ ልትሞትም ትችላለች። አግኝታ ከሆነና እኔ ሙሉውን ብደግምላት ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ትንፋሿን ሊያቆመው ይችላል። «አስፈላጊው» የሚለው ቃል ከሁለቱ የትኛው ላይ እንዳለሁ አይነግረኝም። ወደ ጤና ጣቢያው ስልክ ብንደውል የሚያነሳ የለም።

ያወጡን አማቷ ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ጥግ ላይ ቆመው ነበር። «እማማ፣ እዚያ ምን አደረጉላት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ መጀመሪያ እጇ ላይ በመርፌ ቀስ እያሉ ሰጧት። ከዚያ መቀመጫዋን በቀኝም በግራም ወጓት። ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ምንም አልሰጧት» አሉኝ። ገልበጥ አድርገን አየናት፤ የመርፌው ምልክት በሁለቱም በኩል አለ። የመጀመሪያው መጠን እንደተሰጠ፣ በምን መንገድ እንደተሰጠ፣ መቼ እንደተሰጠ፣ ከዚያ በኋላም ምንም እንዳልተጨመረ እማማ በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ። የጉልበቷን ሪፍሌክስ፣ ትንፋሿንና የሽንቷን መጠን አይተን፣ በየ4 ሰዓቱ የሚሰጠውን ቀጣይ መጠን ብቻ ሰጠናት። ሌሊቱን ወለደች። እናትም ልጅም በሰላም ወጡ።

ወረቀቱን የጻፈው ባለሙያ ሰነፍ አልነበረም። መድኃኒቱን በትክክል ሰጥቷል፤ እኛ ጋ በሕይወት የደረሰችውም ስለዚያ ነው። የረሳው አንድ ነገር ነው፤ ወረቀቱን የሚያነበው ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ እንዳልነበረ።

አሁን ወደ ኤጀንቱ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ ቻትጂፒቲን ወይም ክሎድን ሞክራችኋል። እነዚህ የቋንቋ ሞዴሎች በራሳቸው የሚያወጡት ጽሑፍ ነው። የእኛን ሆስፒታል የላቦራቶሪ ውጤት አያዩም፣ ቀጠሮ አይዙም። ኤጀንት የሚሆኑት መሣሪያ ሲሰጣቸው ነው፤ ልጆቹ «ቱል» ይሉታል። መሣሪያ ማለት አንድ ሥራ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ አንዱ ካርድ ይፈልጋል፣ አንዱ ውጤት ያመጣል፣ አንዱ ቀጠሮ ይይዛል። ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ሞዴሎቹ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን እንዲጠሩ የሚያስችለውን አሠራር ለፕሮግራመሮች ከፈተ። አንትሮፒክ ደግሞ በኖቬምበር 2024 ሞዴሎችና መሣሪያዎች የሚገናኙበትን ኤምሲፒ የተባለ የጋራ ደንብ ይፋ አደረገ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያ ማቀበል ቀላል ሆነ፤ መሣሪያውን በደንብ መግለጽ ግን እንደ ድሮው የሰው ሥራ ነው።

ሞዴሉ የፕሮግራሙን ውስጥ አያይም። የሚያየው ሦስት ነገር ነው፤ የመሣሪያውን ስም፣ መግለጫውን፣ እና ምን ምን ሞልቶ መላክ እንዳለበት የሚናገረውን ዝርዝር። ይህ ጽሑፍ ከሐኪሙ ጥያቄ ጋር አብሮ ይቀርብለታል። አንብቦ «ይህን መሣሪያ በዚህ የካርድ ቁጥር ጥራልኝ» ብሎ ይጽፋል፤ ሶፍትዌሩ ይፈጽማል፤ ውጤቱ በጽሑፍ ይመለስለታል። በቃ። ስለዚህ ኤጀንቱን የመጀመሪያ ዲዩቲው ላይ እንዳለ ኢንተርን ቁጠሩት። መጽሐፉን ከእኛ በላይ አንብቧል፤ ቤቱን ግን አያውቀውም። ኢንተርኑ ቢያንስ ሲስተሯን ጠርቶ «ይሄ እንዴት ነው የሚሠራው?» ይላል። ኤጀንቱ መጠየቅ ቢችልም፣ የገባው ስለሚመስለው ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። በእጁ ያለው እኛ የጻፍንለት ወረቀት ነው።

የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘሁት ከአለርጂው መሣሪያ ነው። ልጆቹ የጻፉለት መግለጫ አንድ መስመር ነበር፦ «የታማሚውን አለርጂ ያመጣል»። ውሸት የለበትም፣ ያመጣል። በሙከራው ቀን አንዲት የፈጠርኳትን ታማሚ አቀረብንለት። ኤጀንቱ መሣሪያውን ጠራ፤ ባዶ ዝርዝር ተመለሰለት፤ ከዚያ ለሐኪሙ «ታማሚዋ የመድኃኒት አለርጂ የላትም፣ አሞክሳሲሊን መስጠት ይቻላል» ብሎ ጻፈ። እኔ ግን ያቺን ታማሚ የፈጠርኳት የአለርጂው ቦታ ሳይሞላ የቀረ ካርድ እንዳላት አድርጌ ነው። ማንም አልጠየቃትም። በእኛ ሥራ «የለም» እና «አልተጻፈም» መካከል ያለው ልዩነት የሰው ነፍስ ነው። ልጆቹን ላማቸው ብል ደግሞ አልችልም፤ ስንት ካርድ ላይ ያንን ቦታ ባዶ ትቼ አልፌያለሁ!

እንዲህ ብለን እንደገና ጻፍነው፦ «በካርዱ ላይ የተመዘገበውን የመድኃኒት አለርጂ ያመጣል። ማንኛውንም መድኃኒት ከመጠቆምህ በፊት ተጠቀምበት። ከሦስቱ መልሶች አንዱ ይመጣል፤ አለርጂ አለ፣ ከነዝርዝሩ፤ ተጠይቆ የለም ተብሏል፣ ከተጠየቀበት ቀን ጋር፤ አልተጠየቀም። አልተጠየቀም የሚል ከመጣ አለርጂ የለም ብለህ አትጻፍ፤ ሐኪሙ ታማሚውን እንዲጠይቅ ንገረው። ሲስተሙ ካልሠራ ስህተት የሚል ይመጣል፤ እሱም የለም ማለት አይደለም።»

ይህን ስንጽፍ አንድ ነገር ታየን። ፕሮግራሙ ራሱ ሦስቱን መልሶች አይለይም ነበር፤ ለሁሉም ባዶ ነበር የሚመልሰው። መግለጫውን በትክክል ለመጻፍ መጀመሪያ መሣሪያውን ማስተካከል ግድ ሆነ። በኋላ ሌሎቹም ላይ ደጋግሞ አጋጥሞናል። አንድን መሣሪያ በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር መግለጽ ካቃተን፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመሣሪያው አሠራር ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የስም ነው። ካርድ የሚፈልገው መሣሪያ መጀመሪያ የተሠራው ከውጭ በመጣ ናሙና ስለሆነ «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ ነበረው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ኤጀንቱ አንዴ የአባትን ስም፣ አንዴ የአያትን ስም እያስገባ ይፈልጋል። የፊደሉ ጉዳይ ደግሞ አለ። ሐና፣ ሃና፣ ሀና፤ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሃይ። ለእኛ አንድ ሰው ናት፤ ለሲስተሙ ሦስት ሰው ናት። መሣሪያው «አልተገኘም» ሲል ኤጀንቱ «አዲስ ታማሚ ናት» ብሎ አዲስ ካርድ ለማውጣት ይነሳል። ካርድ ክፍል ቆማችሁ የምታውቁ ይህ ምን እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ። የልብ በሽታዋ፣ መድኃኒቷ፣ ያለፈው ኦፕራሲዮኗ በአሮጌው ካርድ ውስጥ ይቀራል፤ እሷ በባዶ ካርድ ትታከማለች። አሁን መግለጫው መጀመሪያ በካርድ ቁጥር ፈልግ፣ ቁጥር ከሌለ በራስ ስም፣ በአባት ስምና በአያት ስም በየቦታቸው ፈልግ፣ ካልተገኘ ሞክሼ ፊደላቱን ቀይረህ ሞክር፣ በዚህም ካልተገኘ አዲስ ካርድ አታውጣ፣ ለካርድ ክፍል ሠራተኛ አሳውቅ ይላል።

ሦስተኛው የቁጥር ነው። «ስኳር 40» ብዬ ብነግራችሁ ምን ታደርጋላችሁ? በሚሊግራም በዴሲሊትር ከሆነ ታማሚው ስኳሩ ወርዶ ሊሞት ነው፣ ግሉኮስ ትሰጣላችሁ። በሚሊሞል በሊትር ከሆነ ግን 720 ሚሊግራም ማለት ነው፤ ሕክምናው ኢንሱሊን ነው። ሁለቱ ሕክምናዎች ተቃራኒ ናቸው። የሞዴሉ የመጽሐፍ ዕውቀት ከሁለቱም ዓይነት አገሮች የመጣ ስለሆነ፣ የእኛ ላቦራቶሪ በየትኛው እንደሚጽፍ ካልነገርነው ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የናሳዋ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የጠፋችው አንዱ ሶፍትዌር በፓውንድ ያወጣውን የግፊት ቁጥር ሌላው በኒውተን እንደተሰላ ቆጥሮ ስለተጠቀመበት ነው። መሐንዲሶቹ ሒሳብ የማያውቁ ሆነው አይደለም።

እኛ ጋ ደግሞ የዘመን መቁጠሪያው አለ። 5/1/2017 ተብሎ የተጻፈ የቀጠሮ ቀን ለእኛ መስከረም 5 ቀን ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15፣ 2024። ኤጀንቱ ግን ጃንዋሪ 2017 ወይም ሜይ 2017 ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ማለት ነው። ሰዓቱስ? ሐኪሙ «ነገ 3 ሰዓት ቀጠሮ ያዝላት» ቢለው ታማሚዋን ለሌሊቱ 9 ሰዓት ሊቀጥራት ይችላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 3 ሰዓት ያ ነውና። ስለዚህ ሞልቶ በሚልከው በእያንዳንዱ ቦታ አጠገብ መለኪያው፣ የዘመን አቆጣጠሩና የሰዓት አቆጣጠሩ ከአንድ ምሳሌ ጋር ተጽፏል። ምሳሌው ከማብራሪያው በላይ ይጠቅማል።

አራተኛው ትምህርት ከራሴ ጥፋት የመጣ ነው። ከአለርጂው በኋላ ፈራሁ። ስለፈራሁም ሁሉንም ነገር መጻፍ ጀመርኩ። ለአንድ መሣሪያ አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ በየመስመሩ «እጅግ አስፈላጊ»፣ «በፍጹም አትርሳ»። ምን ሆነ መሰላችሁ? ሐኪሙ ስለ ቀጠሮ ሲጠይቀው እንኳ ኤጀንቱ የአለርጂውን መሣሪያ ይጠራ ጀመር። ሁሉም ነገር አስቸኳይ የሆነበት ዋርድ ውስጥ ምንም አስቸኳይ ነገር እንደማይኖር እናውቃለን። ስለዚህ ቆረጥኩ። ውጤት የሚያመጡ ሦስት የሚመሳሰሉ መሣሪያዎች ነበሩን፤ ኤጀንቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ግራ ይጋባ ነበር። እኔም ልዩነታቸውን መናገር ስላቃተኝ ልጆቹ አንድ አደረጓቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። መግለጫ ቁልፍ አይደለም። ሞርፊን የተቀመጠበት ካቢኔ ላይ «ያለ ፈቃድ አትክፈቱ» ብለን እንለጥፋለን፣ ግን ደግሞ እንቆልፈዋለን። «ኦርደር ከመሰረዝህ በፊት ሐኪሙን አስፈቅድ» ብዬ ብጽፍም፣ ሐኪሙ ራሱ ካልተጫነው ፕሮግራሙ እንዳይሰርዝ ልጆቹ ዘግተውታል። የሚያነብ ብቻ የሆነውን መሣሪያና አንድን ነገር የሚለውጠውን መሣሪያ መለየት፣ የሚለውጠው ደግሞ ሊመለስ ይችል እንደሆነ መጻፍ የእኔ ሥራ ነው። በሩን መዝጋት የእነሱ ነው። አንዱ የሌላውን አይተካም።

ታዲያ ጥሩ መጻፋችንን በምን እናውቃለን? ሁለት ነገር እናደርጋለን። መጀመሪያ መግለጫውን ስለ ሥራው ምንም ለማታውቅ ለአንዲት ሲስተር እንሰጥና «በዚህ ወረቀት ብቻ ይህን ታማሚ ፈልጊ» እንላታለን። እሷ የተደናቀፈችበት ላይ ኤጀንቱም አብዛኛውን ጊዜ ይደናቀፋል። ቀጥሎ ኤጀንቱን በፈጠርናቸው ታማሚዎች ላይ እናሠራና የትኛውን መሣሪያ፣ በምን ቁጥር፣ በምን ቅደም ተከተል እንደጠራ መዝገቡን አንድ በአንድ እናነባለን። ስህተት ስናገኝ «ሞዴሉ አይረባም» ከማለታችን በፊት «ምን ብለን ጽፈንለት ነው?» እንላለን። አንድ ዓረፍተ ነገር ቀይረን እንደገና እንሞክራለን።

አንድ የባች ጓደኛዬ «በሚቀጥለው ዓመት ብልህ ሞዴል ሲመጣ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ አይሆንም ወይ?» ብሎኛል። የተወሰነው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የእኛ ላቦራቶሪ ስኳርን በምን እንደሚለካ፣ ባዶ ቦታ በእኛ ካርድ ላይ ምን ማለት እንደሆነ በየትኛውም መጽሐፍ ላይ የለም። የቱንም ያህል ብልህ ኢንተርን ቢመጣ ያልተነገረውን የቤቱን ልማድ ሊያውቅ አይችልም። ነጋሪዎቹ እኛ ነን። ይህ ለሐኪም ብቻ አይደለም። እዚህ የባንክ ባለሙያዎች፣ የሕግ ሰዎች፣ የግብርና ሰዎች አላችሁ። ነገ ለእናንተም መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል። መግለጫውን ፕሮግራሙን ለጻፉት ልጆች ብቻ አትተዉላቸው። እነሱ ፕሮግራሙን ያውቃሉ፤ ሥራውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ለመምህሮቻችን አንድ ልመና አለኝ። በዚህ ሥራ ያስደነገጠኝ ነገር ልንገራችሁ። ኤጀንቱ የጻፍኩትን አንብቦ ምን እንደተረዳ በማግስቱ መዝገቡ ላይ አያለሁ። ስሳሳት አውቃለሁ፣ አስተካክላለሁ። በሐኪምነት ዘመኔ ግን ስንት ሪፈር ጽፌያለሁ፣ ተቀባዩ ሐኪም ከወረቀቴ ምን እንደተረዳ ያየሁበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። እኔም «ለተሻለ ሕክምና» ብዬ ጽፌያለሁ። በእኔ ወረቀት ፊት ግራ የተጋባ ሐኪም ይኖር ይሆን? አጠገቡስ እንደ እማማ ያለ ሰው ነበረ? አላውቅም።

ስለዚህ ተማሪዎቻችሁን ሪፈር አስጽፉልን። ጽፈው ለእናንተ እንዲያስረክቡ ብቻ ሳይሆን፣ ታማሚውን ላላየ ለሌላ ግሩፕ ተማሪ ስጡት፤ እሱ በወረቀቱ ብቻ ምን እንደሚያደርግ በቃሉ ይናገር፤ ጻፊው ቁጭ ብሎ ይስማ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ኮምፒውተር አያስፈልገውም። ከእነዚያ ተማሪዎች አንዳንዶቹ ወደፊት ለኤጀንት መሣሪያ ይገልጹ ይሆናል፤ ሁሉም ግን ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ለሚያነብ አንድ ሐኪም ወረቀት መጻፋቸው አይቀርም።